በአማርኛ አንባቢ ላይ የሚገነባ የአፊሊየት ሥራ፦ ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ቋሚ ገቢ

አፊሊየት ማርኬቲንግ በአጭሩ ድለላ ነው። ዕቃው የእርስዎ አይደለም፤ መጋዘን አይከራዩም፣ ጥቅል አያስሩም። ገዢውን ከሻጩ ጋር ያገናኛሉ፣ ሽያጩ ሲፈጸም ድርሻዎን ይቀበላሉ። ከሰፈር ድለላ የሚለየው ገዢው በስምዎ በተመዘገበ ሊንክ በኩል ወደ ሻጩ መደብር ስለሚገባ፣ ማን እንዳመጣው ሻጩ ያለ ምስክር የሚያውቅ መሆኑ ነው። አማዞን ይህን ፕሮግራም የከፈተው በጁላይ 1996 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ከትልልቅ መደብሮች እስከ አነስተኛ የቅመም ሻጮች ድረስ በተመሳሳይ አሠራር ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ሥራ በጥቅሉ ብቻ መናገር ለጀማሪ ስለማይጠቅም መመሪያውን በአንድ ምሳሌ ላይ እመሠርተዋለሁ፤ እሱም በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚገዙት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በብዙ ቤቶች የሚገኘው ባለ 16 ኢንች ክብ ምጣድ በመጀመሪያ የተሠራው ለእንጀራ አልነበረም። ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሰዎች ይዘውት ለመጡት ሌፍሳ ለሚባል ስስ ቂጣ የተሠራ ነው። ቤተኒ ሃውስዌርስ የተባለው የአዮዋ ኩባንያ ምጣድ በዚህ መንገድ ወደ ሐበሻ ማዕድ ቤት ገባ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እንደ ዋስ ኤሌክትሮኒክስ ያሉ ለእንጀራ ብለው የሚያቀርቡ መጡ። ገዢው ታዲያ የትኛው እንደሚሻል፣ ክዳን ስለ መኖሩ፣ ዳርና መሀሉን እኩል ስለ ማብሰሉ ለማወቅ ለዘመድ ይደውላል እንጂ በአማርኛ በጥንቃቄ ተፈትኖ የተጻፈ መልስ እምብዛም አያገኝም። ሥራዎ የሚመሠረተው እንዲህ ባለ ክፍተት ላይ ነው፤ መልሱን በራስዎ ድረ ገጽ ላይ ይጽፋሉ።

ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ

አንባቢዎ ሊንክዎን ተጭኖ ወደ አማዞን ሲገባ ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ላይ ይቀመጣል። ምልክቱ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የገዛው ዕቃ፣ እርስዎ ያላወሱት ቢሆንም እንኳ፣ በአብዛኛው ለእርስዎ ይቆጠራል። በ24 ሰዓቱ ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ከቶት ከቆየ ደግሞ እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሲገዛው ኮሚሽኑ ይታሰብልዎታል። ዕቃው ከተመለሰ ግን ኮሚሽኑም አብሮ ይመለሳል።

የኮሚሽኑ መጠን በዕቃው ዓይነት ይለያያል። በአሜሪካው አማዞን የማዕድ ቤት ዕቃዎች 4.5 በመቶ ሲከፈልባቸው ለምግብ ሸቀጥ የሚከፈለው 1 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የ150 ዶላር ምጣድ ቢሸጥ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ያገኛሉ፤ የ20 ዶላር የጤፍ ዱቄት ቢሸጥ የሚያገኙት 20 ሳንቲም ነው። ስለ ጤፍ መጻፍ አንባቢ ያመጣል፣ ገቢ የሚያመጣው ግን ምጣዱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ነገር ግን ሚናቸውን አያምታቱ።

አሁን ደግሞ የወሩን ስሌት በግምት እንሥራ። በወር 1,000 ሰው ስለ ምጣድ የጻፉትን ያነባል እንበል፤ ከእነዚህ 150ዎቹ ሊንኩን ይጫናሉ፣ ከተጫኑት ደግሞ ከመቶ 6ቱ ይገዛሉ። ዘጠኝ ሽያጭ መሆኑ ነው፤ በ6 ዶላር ከ75 ሲባዛ ወደ 60 ዶላር ይጠጋል። ይህ ስሌት ተስፋ ለማስቆረጥ የቀረበ አይደለም። ሥራው በአንድ ጽሑፍና በአንድ ወር ውስጥ ደመወዝን ሊተካ እንደማይችል፣ ነገር ግን እንደዚህ ያሉ ሠላሳና አርባ ጽሑፎች ሲደራረቡ እውነተኛ ገቢ እንደሚሆኑ ለማሳየት ነው። በሳምንት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዶላር አስገኛለሁ ብሎ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቅዎትን ሰው በዚህ ስሌት ይመዝኑት። ደህና የአፊሊየት ፕሮግራም አባል ለመሆን ገንዘብ አያስከፍልም፤ ሰው እንዲያስመዘግቡ የሚከፍልዎ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ይራቁት።

ዘርፍ መምረጥ

ጥሩ ዘርፍ ሦስት ነገሮች የሚገናኙበት ነው። አንደኛ፣ እርስዎ በእጅዎ ነክተው የሚያውቁት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት የሚጨነቁበትና የሚጠይቁበት መሆን አለበት፤ ማንም ሰው ማንኪያ ለመግዛት ምክር አይፈልግም። ሦስተኛ፣ ዋጋው ኮሚሽኑ ትርጉም እንዲኖረው የሚያደርግ ቢሆን ይመረጣል። ከምጣድ ሌላ የቡና መቁያና መፍጫ፣ ለሕፃናት የመኪና ወንበር፣ ወይም ወደ አገር ቤት ለሚጓዝ ሰው ሻንጣና የሻንጣ ሚዛን ሦስቱን ያሟላሉ። ሻንጣውን 23 ኪሎ ላይ ለማቆም ሌሊቱን ሲያወጣና ሲከት የሚያድር መንገደኛ ሚዛኑን ለምን እንደሚፈልገው ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

ኮሚሽናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻ ወደ ክብደት መቀነሻ ክኒን፣ ወደ ቁማርና ወደ ብድር ማስታወቂያ የሚገቡ አሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የአማርኛ አንባቢ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፣ አንባቢዎ የሰፈርዎ ወይም የቤተ ክርስቲያንዎ ወይም የመስጊድዎ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰው በእርስዎ ምክር ተጎድቶ ስምዎ አንዴ ከተነሣ መልሶ የሚገነባ ዘዴ የለም።

ድረ ገጹን መሥራት

ይህ ክፍል ሰዎች ከሚገባው በላይ የሚፈሩት ነው። አጭር፣ በስልክ ሲነገር የሚሰማና ለመጻፍ የማያስቸግር ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ይግዙ፤ የአብዛኛው ዋጋ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። በስሙ ውስጥ አማዞን የሚለውን ቃል አያስገቡ፣ ፕሮግራሙ ይከለክላል። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ) ይከራዩ፣ ዎርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ይጫኑ፣ የአማርኛ ፊደል በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቀላል ገጽታ ይምረጡ። አንባቢዎ በስልክ ስለሚያነብ ገጹን በራስዎ ስልክ ከፍተው፣ በደካማ ኢንተርኔትም ጭምር፣ ይፈትሹት። ስለ እርስዎ ማንነትና ዕቃውን እንዴት እንደሚፈትኑ የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ የግል መረጃ አያያዝን የሚገልጽ ሌላ ገጽ ያዘጋጁ። ለቀለምና ለአርማ ሳምንታት አያጥፉ።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ መጻፍ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከሻጩ ገጽ ላይ የተቀዳ መግለጫ ወደ አማርኛ መልሶ ማቅረብ ጽሑፍ አይባልም፤ አንባቢው ያንን ራሱ ማየት ይችላል። ጉግልም ከአፕሪል 2021 ጀምሮ የዕቃ ግምገማዎችን የሚለይበትን አሠራር ያጠናከረው ዕቃውን በእጅ ይዞ የፈተነ ሰው የጻፈውን ከተቀዳው ለመለየት ነው።

ምጣዱን እንዴት እንደሚፈትኑ በዝርዝር ልግለጽ፤ ሌላውንም ዕቃ በዚሁ መንፈስ ይፈትኑታል። ምጣዱን ከካርቶኑ ሲያወጡ ጀምሮ ፎቶ ያንሡ፤ አብሮ የመጣውንና ያልመጣውን በተለይም ክዳኑን ይመዝግቡ፣ ክዳን ለብቻው የሚገዛ ከሆነ የአንባቢው ወጪ ይለወጣልና። ምጣዱን ያሙቁና ከርቀት ሙቀት በሚለካ ቴርሞሜትር መሀሉን፣ ከዚያም አራቱን ዳር ይለኩ፤ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ያንኑ ሊጥ በተመሳሳይ መጠን በተከታታይ ያስፉ። የመጀመሪያው እንጀራ ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ዓይኑ መሀል ላይም ዳር ላይም እኩል ይወጣል ወይስ መሀሉ ሲበስል ዳሩ ይደርቃል የሚለውን ይመልከቱ። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ላብ እንጀራው ላይ እድፍ ይተዋል ወይ? ዳሩ በራሱ ይነሣል ወይስ መጎርጎር ይፈልጋል? ከአንዱ እንጀራ እስከ ሌላው ምጣዱ ሙቀቱን ለማስመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? የእንጀራውን ጀርባም ፎቶ ያንሡ። እንጀራ የምትጋግር ሴት ጽሑፉን ስታነብ የምትፈልገው ይህንን ነው፣ ካላገኘችው ደግሞ ጸሐፊው ጋግሮ እንደማያውቅ ወዲያው ትረዳለች።

ከመፈተኑ ጋር አብረው የሚሄዱ ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ እምነት የሚፈጥሩትም እነዚህ ናቸው። የማያጣብቅ ልባስ ያለው ምጣድ እንደ ሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር መታሸት አያስፈልገውም፣ በብረት ነገርም አይፋቅም። የአሜሪካ ምጣድ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አውሮፓ ተወስዶ 220 ወይም 230 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ለሻይ ማፍያ የማይበቃ ትንሽ መቀየሪያም አያድነውም፣ ምክንያቱም ምጣዱ ከ1,000 ዋት በላይ ይጎትታል። አንድ ሰው ለእናቱ ስጦታ ብሎ ምጣድ ከመላኩ በፊት ይህን ከእርስዎ ጽሑፍ ላይ ቢያነብ ያንን ሽያጭ ያጣሉ፤ ሰውየውን ግን አያጡትም።

ዋጋ በጽሑፉ ውስጥ አይጻፉ። የአማዞን ዋጋ በየሰዓቱ ሊለወጥ ስለሚችል ፕሮግራሙ በእጅ የተጻፈ ዋጋ አይፈቅድም። የደንበኞችን አስተያየትና ኮከብ ገልብጦ መለጠፍም እንዲሁ የተከለከለ ነው። በራስዎ ሊንክ ራስዎ መግዛት ወይም ዘመድን አስገዝቶ ኮሚሽን መውሰድ ደግሞ አካውንት ያዘጋል።

አንዱን ዋና ጽሑፍ የሚደግፉ ሌሎች ጽሑፎች ያስፈልጋሉ፦ በቀዝቃዛ ክረምት ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ፣ አብሲት መጣል፣ በአሜሪካዋ የአይዳሆ ግዛት የሚበቅለው ጤፍ ከኢትዮጵያው ጤፍ ጋር ሲነጻጸር፣ ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር የሚቀላቀልበት መጠን፣ በአፓርታማ ውስጥ ሲጋገር የጢስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ። ብዙዎቹ ኮሚሽን አያመጡም። አንባቢውን የሚያመጡት ግን እነርሱ ናቸው፣ ከዚያም በውስጥ ሊንክ ወደ ምጣዱ ጽሑፍ ይመሩታል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቶ ጽሑፍ በአንድ ቀን ማምረት የሚያጓጓቸው ብዙዎች ናቸው። ጉግል በማርች 2024 አንባቢን ለመርዳት ሳይሆን የፍለጋ ውጤትን ለማጭበርበር በገፍ የሚመረት ጽሑፍን በግልጽ ከልክሏል። በአማርኛ ደግሞ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ያስታውቃል።

ጥቅምን በግልጽ መናገር

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሰው ከሻጩ ጥቅም የሚያገኝ ከሆነ ለአንባቢው በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል። ይህ ማሳሰቢያ ከሊንኩ በፊት፣ አንባቢው ሳይፈልግ በሚያየው ቦታና ጽሑፉ በተጻፈበት ቋንቋ መቅረብ አለበት። በአማርኛ ጽፎ ማሳሰቢያውን በእንግሊዝኛ ገጹ ግርጌ መቅበር ግዴታን መወጣት አይደለም። «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባሉት ሊንኮች ዕቃ ከገዙ፣ ዋጋው ሳይጨምርብዎት፣ ሻጩ ለእኔ ኮሚሽን ይከፍለኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አማዞን ራሱ የሚጠይቀውን የእንግሊዝኛ ቃል በተጨማሪ ያስገቡ። ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የሐሰት የደንበኛ አስተያየት መጻፍንም ሆነ መግዛትን የሚያስቀጣ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል፤ ስለዚህ የራስዎን ጽሑፍ በተፈበረከ ምስክርነት አያድምቁ። ዕቃው በነፃ የተሰጠዎት ከሆነም ይናገሩ።

መቼ መመዝገብ?

ብዙ ጀማሪዎች ድረ ገጹን በከፈቱ ማግሥት ወደ አማዞን ፕሮግራም ይገባሉ። ፕሮግራሙ ግን በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ካላዩ አካውንቱን ይዘጋል። ስለዚህ አሥር ያህል ጥሩ ጽሑፍ ካወጡ፣ አንባቢም መምጣት ከጀመረ በኋላ ይመዝገቡ። ደንቦቹ ስለሚለዋወጡ ሲመዘገቡ ሙሉውን ውል ያንብቡ። ሊንኮቹ በኮዳቸው ውስጥ ስፖንሰርድ (sponsored) የሚለውን ምልክት እንዲይዙ ያድርጉ፤ ጉግል ይህን ምልክት ያስተዋወቀው በ2019 ሲሆን ኮሚሽን ያለበትን ሊንክ ከሌላው ለመለየት ነው።

አንባቢን ማምጣት

በአማርኛ ፍለጋ ውስጥ አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። ሰው ሲፈልግ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «የኤሌትሪክ ምጣድ»፣ ሌላው በላቲን ፊደል፣ ሌላውም ግማሹን በእንግሊዝኛ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በየሰዉ እጅ ይለያያሉ። በርዕሱ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡ፣ በሐተታው ውስጥ ግን ሌሎቹን አጻጻፎች በተፈጥሯዊ አገባብ ያካትቱ፣ የገጹን አድራሻም በላቲን ፊደል አጭር ያድርጉት። አቅሙ ካለዎት ዋናውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛም ያውጡት፤ በአሜሪካ ያደጉ ልጆች ለእናታቸው ምጣድ የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ነው።

ይሁን እንጂ የአማርኛ ተመልካች ከሁሉ በላይ የሚገኘው በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ነው። ምጣዱን የፈተኑበትን ያንኑ ቀን ቪዲዮም ይቅረጹ፤ ሊጡ ሲሰፋ፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ እንጀራው በሰፌድ ሲነሣ የሚታይ የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ረጅም ጽሑፍ የማያደርገውን ያደርጋል። በቪዲዮውም ውስጥ ኮሚሽን እንደሚያገኙ በቃል ይናገሩ፣ ከታች መጻፍ ብቻውን አይበቃም። በሰዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሊንክ መወርወር ግን ያስጠላል፤ ለተጠየቀ ጥያቄ ሙሉ መልስ ይስጡ፣ ሊንኩን የሚፈልግ ይጠይቅዎታል።

ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የኢሜይል አድራሻ ይሰብስቡ። የፍለጋ ደረጃ በአንድ የጉግል የአሠራር ለውጥ ሊወድቅ፣ ቻናልም ሊዘጋ ይችላል፤ የአንባቢዎችዎ ዝርዝር ግን የእርስዎ ነው። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ የንግድ ኢሜይል የፖስታ አድራሻና ከዝርዝሩ መውጫ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኢሜይሉ አንባቢውን ወደ ጽሑፍዎ ይምራው፣ ከዚያ ወደ ሻጩ ይሂድ። መላኪያ ጊዜውንም በሕዝቡ አቆጣጠር ያስቡት፦ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ሰው ድስትና ምጣድ ይገዛል፤ በኖቬምበር ደግሞ የአሜሪካ መደብሮች ዋጋ ይቀንሳሉ።

መለካትና ማስፋት

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የተለየ የመከታተያ መለያ ይክፈቱ፤ አማዞን ይህን በነፃ ይፈቅዳል። በወሩ መጨረሻ የትኛው ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ከድረ ገጽዎ የጎብኚ ቆጠራ፣ ስንት ጊዜ ሊንኩ እንደተጫነና ስንት እንደተሸጠ ደግሞ ከአማዞን ሪፖርት ያያሉ። ብዙ ተነብቦ ሊንኩ ያልተጫነ ጽሑፍ ምክሩ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ሊንኩ ተጭኖ ያልተሸጠ ደግሞ ዕቃው አልቆ ወይም ዋጋው ንሮ ሊሆን ይችላል፤ ሄደው ይዩት። ያለቀ ዕቃ ላይ የሚያደርስ ሊንክ አንባቢን ያስቆጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሁሉንም ይፈትሹ።

በአንድ መደብር ላይ ብቻ መንጠልጠል አደገኛ ነው። አማዞን በአፕሪል 2020 የቤት ዕቃዎችን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 በመቶ፣ የምግብ ሸቀጥን ከ5 ወደ 1 በመቶ ሲያወርድ በእነዚያ ዘርፎች ላይ የቆሙ ሰዎች ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። መፍትሔው አጠገብዎ አለ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሞሰብ ወይም ጀበና በኢንተርኔት የሚሸጡ የሐበሻ መደብሮች የአፊሊየት ፕሮግራም ባይኖራቸውም የቅናሽ ኮድ ሊሰጡዎ ይችላሉ። ኮዱን ተጠቅሞ የገዛ ሁሉ በእርስዎ በኩል እንደመጣ ይቆጠራል፤ ከ8 እስከ 10 በመቶ ብለው ቢጠይቁ የበዛ አይደለም። ዝምድናና ጓደኝነት ቢኖርም ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት፦ መቶኛው፣ የክፍያው ቀን፣ ዕቃ ሲመለስ የሚደረገው።

ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አንባቢዎችም ያስቡ። አማዞን በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ከ2019፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከ2020 ጀምሮ መደብር አለው፣ በጀርመንና በእንግሊዝ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ። ለእያንዳንዱ አገር ለየብቻ መመዝገብና ሊንኮቹን ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን የቮልቴጁ ጉዳይ ስላለ ለዱባይ ወይም ለፍራንክፈርት አንባቢ የአሜሪካውን ምጣድ አያቅርቡ፤ በ230 ቮልት የሚሠራ ፈልገው፣ ፈትነው፣ የተለየ ጽሑፍ ይጻፉለት።

ክፍያና ግብር

የአሜሪካ ነዋሪ ከሆኑ ደብልዩ ናይን (W-9) የተባለውን የግብር ቅጽ፣ ካልሆኑ ደብልዩ ኤይት ቤን (W-8BEN) የተባለውን ይሞላሉ። አማዞን የአንድን ወር ገቢ የሚከፍለው ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት ወጪ ከሌላ ገቢዎ ይሸፍኑ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙ በምን መንገድ እንደሚከፍልዎ ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ገንዘቡ ተሰብስቦ መውጫ ማጣት ከሁሉ የከፋ ነው።

በአሜሪካ ከዚህ ሥራ የተጣራ ገቢዎ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ግብር (self-employment tax) ይመለከትዎታል፤ መጠኑ 15.3 በመቶ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ሩብ ያህሉን ለብቻ ማስቀመጥ ይበጃል። ለመፈተን የገዙት ምጣድ፣ ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉና ቴርሞሜትሩ የሥራ ወጪ ናቸው፣ ደረሰኛቸውን ያስቀምጡ። በተማሪ ቪዛ ወይም የሥራ ፈቃድ በሌለበት ሁኔታ ያሉ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ሊንክ ከመለጠፋቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ ትንሽ ኮሚሽንም ቢሆን እንደ ሥራ ሊቆጠር ስለሚችል የመኖሪያ ሁኔታቸውን ሊያበላሽ ይችላል።